የማይካ ዱቄት በወረቀት ላይ፦ የሉል ፍካትን በማኅተምና በብሩሽ ማውጣት

የማይካ ዱቄትን ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ሰው ብልቃጡን ሲከፍት የሚያየውና ሥራውን ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። በብልቃጡ ውስጥ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ ብርሃን ባረፈበት ቁጥር ከውስጡ የሚፈካ የሚመስል ዱቄት አለ፤ ያው ዱቄት ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን ደብዝዞ፣ አመድ መስሎ፣ አንዳንዴም ጭራሹን ጠፍቶ ይገኛል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ካርዶቼን የሠራሁት ዱቄቱን ከነጭ አክሪሊክ ቀለም ጋር ቀላቅዬ ነበር፤ ያገኘሁትም ተራ ነጭ ቀለም ብቻ ሆነ። ጥፋቱ የዱቄቱ ሳይሆን የአያያዜ እንደሆነ የገባኝ ዱቄቱ ምን እንደሆነ ካወቅሁ በኋላ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያም ከዚያው ይጀምራል።

ፍካቱ ከየት ይመጣል?

ማይካ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ በስሱ የሚላጥ ማዕድን ነው። ሙስኮቫይት የሚባለው ዓይነቱ ስሙን ያገኘው በጥንቷ ሩሲያ ትልልቅ ገጾቹ በመስታወት ፋንታ ለመስኮት ያገለግሉ ስለነበር ነው። ለእጅ ሥራ የሚሸጠው ዱቄት ይኸው ማዕድን ከደቀቀ በኋላ እያንዳንዱ ቅርፊት በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ በብረት ኦክሳይድ ወይም በሁለቱም በስሱ ተሸፍኖ የሚዘጋጅ ነው። እንዲህ የተሸፈነ ማይካ ለገበያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሉልን ፍካት ለማስመሰል ከዓሣ ቅርፊት የሚወጣ ንጥረ ነገር ወይም መርዛማ የሆነ የእርሳስ ውሕድ ይጠቀሙ ነበር።

ብርሃን በዚህ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ከላይኛው ፊት፣ ከፊሉ ደግሞ ከሥረኛው ፊት ተንጸባርቆ ይመለሳል። ሁለቱ ጨረሮች ሲገናኙ አንዱን ቀለም ያጎላሉ፣ ሌላውን ያከስማሉ፤ በሳሙና አረፋ ላይ የሚታየው ኅብረ ቀለም የሚፈጠረውም በዚሁ መንገድ ነው። በመሆኑም የአንዳንዱ ዱቄት ቀለም የሚወሰነው በውስጡ ባለ ማቅለሚያ ሳይሆን በሽፋኑ ውፍረት ብቻ ነው። የቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ ሽፋን ከ40 እስከ 60 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ብር የመሰለ ነጭ ይታያል፤ እየወፈረ ሲሄድ በቅደም ተከተል ወርቃማ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ የሚያስደንቅ ጥበብ ነው።

ወረቀት ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ ሁሉ ሊረሳ የማይገባው ነገር እያንዳንዱ ቅንጣት ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት መሆኑ ነው። መስታወት የሚያበራው ፊቱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሲተኛና ብርሃን የማያሳልፍ ነገር ሳይሸፍነው ሲቀር ነው። ቅርፊቶቹ ተዘበራርቀው ከቆሙ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል። ነጭ አክሪሊክ ውስጥ ከሰጠሙ ደግሞ ብርሃኑ ጭራሹን አይደርሳቸውም፤ የእኔ ካርዶች የሞቱት በዚህ ምክንያት ነበር። ዱቄቱን በሙቀጫ መውቀጥ ወይም በማንኪያ ጀርባ መፍጨትም እንዲሁ ጎጂ ነው፤ ቅርፊቱ ሲሰበር ሽፋኑ ይላቀቅና ፍካቱ አብሮ ይሄዳል። ከዚህ በታች የምገልጻቸው ዘዴዎች ሁሉ፣ የማኅተሙም ሆነ የብሩሹ፣ ቅርፊቱን አስተኝቶ ፊቱን ክፍት ለመተው የሚደረጉ ናቸው።

ዱቄት አመራረጥ

ዱቄቶች በቅንጣታቸው መጠን ይለያያሉ። ከ5 እስከ 25 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) የሚሆኑት ደቃቆቹ እንደ ሐር ጨርቅ ያለ የረጋ ልስላሴ ይሰጣሉ፣ ከሥራቸው ያለውንም ቀለም በደንብ ይሸፍናሉ። ከ10 እስከ 60 ማይክሮሜትር ያሉት ሉል የምንለውን ፍካት የሚሰጡት ሲሆኑ፣ ለአብዛኛው የወረቀት ሥራ የምመርጠው እነዚህን ነው። ከ100 ማይክሮሜትር የሚያልፉት ነጠላ ነጠላ ሆነው እንደ ኮከብ ብልጭ ይላሉ፤ ነገር ግን ከሥራቸው ያለውን ቀለም አይሸፍኑም፣ ቀጭን መስመር ባለው ማኅተም ላይም የመስመሩን ጠርዝ ያበላሻሉ።

ከመጠኑ ይልቅ ጀማሪን ይበልጥ የሚያሳስተው ዱቄቱ ማጣበቂያ ያለው ወይም የሌለው መሆኑ ነው። ፐርል ኤክስ በሚል ስም የሚሸጠውን የመሰሉ ንጹሕ የማይካ ዱቄቶች በራሳቸው ወረቀት ላይ አይጣበቁም፤ ከሥራቸው የሚያጣብቅ ነገር፣ ወይም አብሯቸው የሚቀላቀል ሙጫ ይፈልጋሉ። ፐርፌክት ፐርልስን የመሰሉት ደግሞ በውስጣቸው ሙጫ ስላለ ጥቂት የውኃ ርጭት ሲነካቸው ይጣበቃሉ። የትኛውን እንደያዙ ካላወቁ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጥቂት ዱቄት ያድርጉ፣ በጠብታ ውኃ ያርጥቡትና ሲደርቅ በጣት ይሹት። ዱቄቱ በሙሉ ከጣትዎ ጋር ከተነሣ ማጣበቂያ የለውም።

በማሸጊያው ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ማንበብም ይጠቅማል። የቀለም መለያ ቁጥሩ ሲ.አይ. 77019 የሆነው ማይካ ራሱ ነው፤ 77891 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ 77491 ቀዩ የብረት ኦክሳይድ፣ 77499 ደግሞ ጥቁሩ ነው። በእነዚህ ብቻ የተሠራ ዱቄት ብርሃን ስለማያደበዝዘው በፍሬም ተሰቅሎ ለዓመታት ለሚቆይ ሥራ ይታመናል። 75470 የሚል ቁጥር ካዩ ግን በውስጡ ካርሚን የተባለ ከነፍሳት የሚገኝ ቀይ ማቅለሚያ አለና ሥራውን ከፀሐይ ያርቁ። በጣም የደመቀ ሮዝና ሐምራዊ ሆኖ ምንም ቁጥር የሌለው ዱቄት ካጋጠመዎት ወረቀት ላይ ቀብተው ግማሹን በካርቶን ሸፍነው መስኮት አጠገብ ለአንድ ወር ያኑሩት፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

የብሮንዝ ዱቄት ከማይካ ጋር በአንድ መደርደሪያ ቢሸጥም የተለየ ነገር ነው። እሱ የመዳብና የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ብናኝ ነው፤ የመዳቡ ዓይነት እርጥበትና አሲድ ሲነካው ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ያወጣል። ማይካ ግን አይዝግም።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። የተፈጥሮ ማይካ በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች መካከል በህንድ የጃርክሃንድና የቢሃር ግዛቶች፣ እንዲሁም በማዳጋስካር ሕፃናት በማዕድን ለቀማው ሥራ ተሰማርተው ይገኛሉ። ይህንን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2017 ሪስፖንሲብል ማይካ ኢኒሺየቲቭ የተባለ የኩባንያዎችና የድርጅቶች ኅብረት ተቋቁሟል። ሻጩን ማዕድኑ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በፋብሪካ የሚሠራውን ፍሉሮፍሎጎፓይት የተባለ ማይካ መምረጥም ይቻላል። ይህ ሰው ሠራሽ ማይካ ንጹሕና ለስላሳ ገጽ ስላለው በፍካቱም ቢሆን ከተፈጥሮው አያንስም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል።

ወረቀቱና ከሥር ያለው ቀለም

ከተቻለ በጥቁር ወረቀት ይጀምሩ። ብርሃኑ በቅርፊቱ ላይ ሲያርፍ አንዱ ቀለም ይንጸባረቃል፣ የቀረው ደግሞ ቅርፊቱን አልፎ ወደ ወረቀቱ ይወርዳል። ወረቀቱ ጥቁር ከሆነ የወረደውን ብርሃን ስለሚውጠው የተንጸባረቀው ቀለም ብቻውን በርቶ ይታያል፤ ነጭ ከሆነ ግን የወረደውንም መልሶ ስለሚልከው ሁለቱ ተደባልቀው ይከስማሉ። ነጭ ዱቄት የሚመስለውና በአንድ ማዕዘን ብቻ ሰማያዊ የሚፈካው ዓይነት ይህንን በግልጽ ያሳያል፦ በጥቁር ወረቀት ላይ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ከፊት ሲያዩት ወደ ቢጫ የሚያደላ ድንግዝግዝ ብቻ ይሆናል። የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ያላቸው ወርቃማ፣ የመዳብና የነሐስ መልክ ያላቸው ዱቄቶች ግን የራሳቸው ቀለም ስላላቸው በነጭም ላይ አያሳፍሩም።

የጃፓን የእንጨት ኅትመት ባለሙያዎች ይህንን ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በሚገባ ያውቁ ነበር። ሠዓሊው ሻራኩ እ.ኤ.አ. በ1794 ካወጣቸው የተዋንያን ምስሎች መካከል በጣም የታወቁት ከበስተጀርባቸው ጥቁር የማይካ ገጽ አላቸው፤ የሰዎቹ ፊት ከወረቀቱ ወጥቶ የሚመጣ የሚያስመስለውም ይኸው ገጽ ነው። አታሚዎቹ ማይካውን አንድም ከሙጫ ጋር ቀላቅለው ያትሙት፣ ወይም ሙጫውን አስቀድመው አኑረው ዱቄቱን ከላይ ይነሰንሱበት ነበር። ዛሬም ያሉት ዋና መንገዶች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ወረቀቱ ለስላሳና ወፈር ያለ ቢሆን ይሻላል። ሻካራ የውኃ ቀለም ወረቀት በጉድጓዶቹ ውስጥ ትርፍ ዱቄት ይይዛል፤ ቅርፊቶቹም ጎበጥ ባለው ገጽ ላይ በአንድ አቅጣጫ መተኛት አይችሉም። አንጸባራቂ ልባስ ያለው ወረቀት ደግሞ ፍካቱን ያሳምረዋል፣ ሆኖም ቀለሙ በላዩ ላይ ቶሎ ስለማይደርቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት

ዱቄቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በትንሽ ትንፋሽ ይነሣል፤ ወደ ሳንባ እንዲገባም አይፈለግም። ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 ደረጃ ያለው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፣ ማራገቢያ ያጥፉ፣ ከወረቀቱ ላይ ትርፍ ዱቄትን በአፍ እፍ አይበሉ። ሲጨርሱ ጠረጴዛውን በደረቅ ጨርቅ ከማራገፍ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ለእጅ ሥራ የተሸጠ ማይካ ለምግብ ማስጌጫነትም ሆነ ለፊት መዋቢያ አይውልም።

ከሥራዎ ሥር ትልቅ ነጭ ወረቀት መሐሉን አጥፈው ይዘርጉ፤ የሚራገፈውን ዱቄት በእጥፋቱ በኩል ወደ ብልቃጡ መመለስ ይቻላል። ሁለት ለስላሳ ብሩሽ ያስፈልግዎታል፣ አንዱ ዱቄቱን ለማኖር፣ ሌላው ትርፉን ለማንሣት፤ ሁለቱም ፍጹም ደረቅ መሆን አለባቸው።

በማኅተም መሥራት

በማኅተም ለመሥራት ከሁሉ የሚሻለው ዋተርማርክ ኢንክ ተብሎ የሚሸጠው፣ የራሱ ቀለም የሌለውና ዘግይቶ የሚደርቅ አጣባቂ የማኅተም ቀለም ነው። ፒግመንት ኢንክ የሚባለውም ዘግይቶ ስለሚደርቅ ይሠራል፤ እንዲያውም ጥቁር ፒግመንት ኢንክ በነጭ ወረቀት ላይ ለማይካው ጥቁር መደብ ሆኖ ያገለግለዋል። ለቢሮ ማኅተም የተለመደው ፈጣን ዳይ ኢንክ ግን ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ወዲያው ስለሚደርቅ ዱቄት አይዝም።

አስቀድመው የወረቀቱን ገጽ ያዘጋጁ። ወረቀት የእጅ ቅባትና እርጥበት ይይዛል፣ በደረቅ አየርም ኤሌክትሪክ ያዝላል፤ በዚህ ምክንያት ማኅተም ባላረፈበት ቦታ ሁሉ ዱቄት ይለጠፋል። በቀጭን ጨርቅ ውስጥ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ቋጥረው ወረቀቱን በስሱ መታ መታ ያድርጉበት፣ ከዚያም በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ይህች ጥቂት ሰከንድ የምትወስድ ሥራ ንጹሕ መደብ ባለው ካርድና በጉም በተሸፈነ ካርድ መካከል ያለውን ልዩነት ትፈጥራለች። ብዙ ሰው ሲዘላት አያለሁ፤ እኔ ግን ከቶ አልዘላትም።

የማኅተሙን ፊት ወደ ላይ አድርገው ስታምፕ ፓዱን (ቀለም የያዘውን ትራስ) እሱ ላይ ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉበት። ቀለሙ ፊቱን በሙሉ በእኩል ይሸፍን፣ በመስመሮቹ መካከል ግን አይጠራቀም። ማኅተሙን ቀጥ አድርገው ወረቀቱ ላይ ያሳርፉ፣ ሳያወዛውዙ ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ ይጫኑ፣ ከዚያ ቀጥ አድርገው ያንሡት። የማኅተሙ ቀለም የራሱ መልክ ስለሌለው የተሳካ መሆኑን ለማየት ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያጋድሉት፤ እርጥብ መስመሩ ሲያብለጨልጭ ይታያል። ከፊሉ ሳይታተም ቀርቶ ከሆነ ማኅተሙን በእጅ በግምት መልሶ ማሳረፍ ምስሉን ያደበላልቃል፤ ወረቀቱን ለሌላ ሥራ አኑሮ በአዲስ መጀመር ይሻላል።

አሁን ብሩሹን ዱቄቱ ውስጥ በጫፉ ብቻ ነክረው በብልቃጡ አፍ ላይ ያራግፉት። በብሩሹ ላይ የቀረው እምብዛም የማይታይ ዱቄት ለአንድ አነስተኛ ምስል ይበቃል። በመጀመሪያ ሳይጎትቱ መታ መታ እያደረጉ በእርጥቡ መስመር ላይ ያሳርፉት፤ እርጥቡ ቀለም በዚህ ጊዜ ገና ስስና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ብሩሽ ቢጎተትበት መስመሩ ይላላል። መስመሩ በሙሉ ዱቄት ከለበሰ በኋላ ብቻ በጣም ቀላል በሆነ ክብ እንቅስቃሴ በላዩ ላይ ይለፉ። ቅርፊቶቹ የሚተኙት በዚህች ቀላል መዳሰስ ነው። ዓይንዎን ወደ ወረቀቱ ጎን ዝቅ አድርገው ከተመለከቱ ደብዛዛው ዱቄት ድንገት ሲበራ ያያሉ፤ እኔን ከዚህ ሥራ ጋር ያስተሳሰረኝም ይህ ቅጽበት ነው።

ሁለትና ሦስት ቀለም ማዋሐድ የሚቻለውም በዚሁ ደረጃ ላይ ነው። ለምሳሌ በቅጠል ምስል ላይ ከአገዳው በኩል አረንጓዴ፣ በጫፉ ላይ ወርቃማ፣ በጠርዙ ላይ ጥቂት የመዳብ መልክ ማሳረፍ ይቻላል። ከደብዛዛው ወደ ደማቁ ይሂዱ፣ ለእያንዳንዱም ቀለም የተለየ ብሩሽ ይያዙ፤ አጣባቂው ቀለም አንድ ጊዜ ዱቄት ከጠገበ ሌላ ስለማይቀበል መጀመሪያ ያኖሩት ቀለም ቦታውን እንደያዘ ይቀራል። ሁሉንም ቀለም በአንድ ቦታ መደራረብ ግን ቡናማ ጭጋግ እንጂ ኅብር አይሰጥም።

ከአምስት ደቂቃ ያህል በኋላ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን በጣት መታ መታ ያድርጉት፣ ቀጥሎም በሁለተኛው ንጹሕ ብሩሽ ትርፉን ወደ ውጭ ይጥረጉ። ከመስመሩ ውጭ የቀረ የዱቄት ጥላ ካለ ለስላሳ ላጲስ ጠቆም አድርጎ መጠቀም ይቻላል፣ ነገር ግን ቀለሙ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ይሁን። ልባስ በሌለው ወረቀት ላይ ለአንድ ሌሊት ማቆየት ይበቃል፤ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ግን አንዳንድ ጊዜ ቀናት ይወስዳል።

ማኅተሙ ዱቄት ስላልነካው በውኃና በለስላሳ ሳሙና ይጸዳል። ግልጽ ከሆነው ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተሠሩትን ማኅተሞች ጠንካራ ማሟሟያ እንዳይነካቸው ይጠንቀቁ።

ጎልቶ የሚወጣ መስመር ሲያስፈልግ ማይካውን ከኢምቦሲንግ ዱቄት ጋር መቀላቀል ይቻላል። ይህ በሙቀት ቀልጦ የሚያብጥ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ግልጹን ዓይነት ይውሰዱና አራት እጅ ከእሱ፣ አንድ እጅ ከማይካው ቀላቅለው በእርጥቡ የማኅተም ምስል ላይ ይነስንሱ፣ ትርፉን ያራግፉ፣ ሂት ገን በሚባለው ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ ከሥር ወይም ከጎን ያሙቁት። ማይካው ራሱ ሙቀትን ስለሚችል አይጎዳም፤ ከመጠን በላይ ሲበዛ ግን ዱቄቱ በወጉ እንዳይቀልጥ ያግደውና ገጹ ይሻክራል። የቀለጠው ፕላስቲክ ማይካውን ስለሚውጠው ፍካቱ ከደረቁ ዘዴ ያነሰ ነው፤ ጥንካሬው ግን እጅግ ይበልጣል።

ውኃ ቀለም አድርጎ መቀባት

ለዚህ የሚስማማው ማጣበቂያ ገም አረቢክ የሚባለው የግራር ሙጫ ነው። ግልጽ ነው፣ በስሱ ይደርቃል፣ ውኃ ሲነካው መልሶ ይሟሟል። አራት እጅ የማይካ ዱቄትና አንድ እጅ የሙጫውን ዱቄት በደረቁ ቀላቅለው ውኃ በጠብታ በጠብታ እየጨመሩ በትንሽ ማንኪያ ሳይጫኑ ያማስሉ። ወፍራም እርጎ ሲመስል በትንሽ ገበታ አፍስሰው ሳይሸፍኑ ለሁለት ቀን ያህል ያድርቁት። ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጠብታ ግሊሰሪን ወይም ማር ይጨምሩበት።

መጠኑን የሚያርመው ሙከራ ነው። ቀብተው ያደረቁትን በጣት ሲያሹት ዱቄት ከተነሣ ሙጫው አንሷል፤ ገጹ እንደ ቫርኒሽ አብለጭልጮ ፍካቱ ከታፈነ ሙጫው በዝቷል። ሙጫ በዛ ማለት መስታወቶቹ ሰጠሙ ማለት ስለሆነ፣ የምጠራጠር ከሆነ ሁልጊዜ ወደ ማነሱ አዘነብላለሁ።

በሚቀቡበት ጊዜ ብሩሹን ውኃ አጥግበው ቀለሙን በብዛት ያሳርፉና ይተዉት። ውኃው ቀስ ብሎ ሲተን ቅርፊቶቹ በራሳቸው ክብደት እየወረዱ ይተኛሉ፤ ግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ ብሩሽ መመላለስ ግን መተኛት የጀመሩትን መልሶ ያቆማቸዋል። በፀጉር ማድረቂያ ማፋጠንም አልመክርም። ለጽሕፈት ከሆነ ሰፋ ያለ ጫፍ ያለውን፣ ቀለም ውስጥ እየተነከረ የሚጽፈውን ብዕር ይጠቀሙ፤ ቀለሙን በብሩሽ ወደ ብዕሩ ማኖር ከመንከር የተሻለ ነው፣ ዱቄቱ ሥር ስለሚዘቅጥም በየጊዜው ማማሰል ያስፈልጋል። በውስጡ ቀለም በሚያጠራቅም ብዕር ግን ማይካ አይሞከርም፤ ቀጭኑን የቀለም መተላለፊያ ይደፍነዋል።

ሙጫና ስቴንስል

ከሁሉም በላይ የሚያበራ ገጽ የሚገኘው በሁለት ፊቱ ከሚጣበቅ ወረቀት ነው። ቅርጹን ቆርጠው ይለጥፉ፣ መከላከያውን ያንሡ፣ ዱቄቱን በጣት ወይም በጥጥ በደንብ እያሹ ያስተኙት። እዚህ ጋ መፍራት አያስፈልግም፤ ማጣበቂያው ጠንካራ ስለሆነ ባሹት መጠን ቅርፊቶቹ ይበልጥ እየጠፈጠፉ ይሄዳሉ፣ ገጹም የተወለወለ ብረት ይመስላል። በብዕር የሚቀባ ሙጫ ወይም ኮላ ሲጠቀሙ ወተት መልኩ ጠፍቶ ግልጽና ተጣባቂ እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በእርጥቡ ከተነሰነሰበት ዱቄቱ ይሰጥማል።

በስቴንስል (ቅርጽ በተቆረጠበት ስስ ሉሕ) ለመሥራት ማይካውን ግልጽ ሆኖ ከሚደርቅ ወፍራም የአክሪሊክ ጄል ጋር ይቀላቅሉና ቀለም በሚቀባ ስስ ቢላ በአንድ አቅጣጫ ይጎትቱት። ቢላው ራሱ ሲያልፍ ቅርፊቶቹን ስለሚያስተኛቸው አንድ ጊዜ ከጎተቱ በኋላ አይመለሱበት። ጄሉ ሲደርቅ ግልጽ የሚሆን መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

ለሚረጭ ቀለም 60 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ዱቄትና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ የግራር ሙጫ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ርጭት በፊት ጠርሙሱን ይነቅንቁ፤ ሲጨርሱ አፉን ንጹሕ ውኃ ረጭተው ያጽዱት፣ አለበለዚያ ይደፈናል።

ማጽናትና ማቆየት

በደረቅ ዱቄት የተሠራ የማኅተም ሥራ በተለይ በእጅ የሚነካካ ከሆነ ማጽኛ ያስፈልገዋል። ማጣበቂያ ያለው ዱቄት ከሆነ ከሩቅ የተረጨ ደቃቅ የውኃ ጉም ብቻ ይበቃዋል። ለሌላው ፊክሳቲቭ የሚባለውን ማጽኛ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሆነው ከ30 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት በስሱ ይርጩበት፣ እስኪደርቅ ጠብቀው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይድገሙት። በአንድ ጊዜ አርጥቦ መርጨት ቅርፊቶቹን ከማጽናት አልፎ ያሰጥማቸዋል፣ የወረቀቱንም ቀለም ያጠቁረዋል። ቫርኒሽ በብሩሽ መቀባት ደግሞ ዱቄቱን ጎትቶ ስለሚያበላሸው ፈጽሞ አይሞከርም። ድምቀቱ ከመጽናቱ የሚበልጥበት፣ ለምሳሌ በፍሬም ውስጥ የሚገባ ሥራ ከሆነ፣ ማጽኛውን ትቶ በመስታወቱና በወረቀቱ መካከል ክፍተት መተው ይሻላል።

ካርድ በፖስታ ሲላክ በፊቱ ላይ ለስላሳ ስስ ወረቀት ያድርጉ። ብልቃጦቹን በደረቅ ቦታ አጥብቀው ዘግተው ያኑሩ፤ እርጥበት የገባው ዱቄት ይጓጉላል፣ ማጣበቂያ ያለው ከሆነ ደግሞ ይደርቅና ይጠነክራል። የጓጎለውን አድርቀው በጥሩ ወንፊት ያሳልፉት እንጂ አይፍጩት።

ሥራውን ፎቶ ማንሣት ለሚፈልግ፣ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ካለ መስኮት ይምጣ፣ የስልኩ ፍላሽ ይጥፋ። ካሜራውን በአንድ ቦታ ይዘው ወረቀቱን ቀስ እያሉ ወደ መስኮቱ ያጋድሉት፤ ቅርፊቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚበሩበት ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ያንሡት።